ዓመቱ የተጻፈበት አምፖል

ባለፈው ሳምንት ማለዳ ኮሪደራችን ውስጥ ያ ሽታ መጣ። ዘይነባ ከጓዳ ሆና "የሙና አባት፣ የሚነድ ነገር አለ!" ብላ ስትጣራ እኔ ሰግጄ ተነስቼ ጉልበቴን እያሸሁ ነበር። ምን እንደሆነ ለማወቅ ማየት አላስፈለገኝም። ዕድሜውን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲሸጥ የኖረ ሰው አፍንጫው ብቻውን ይሠራል። የነደደ ገመድ ጎማ ጎማ ይላል፤ ቆጣቢ አምፖል ሊሞት ሲል ግን ዓሣ የተጠበሰበት ፕላስቲክ ነው የሚሸተው፣ አንዴ ቤት ከገባ ሁለት ቀን አይወጣም። ወንበር አስጠግቼ ወጣሁ። ዘይነባ ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ "ውረድ፣ ወድቀህ ልታስለቅሰኝ ነው" እያለች ትነጫነጫለች። ጥምዝምዙ ቱቦ ጫፍ ጫፉ ጠቁሯል፣ ነጩ አንገቱ ሻይ የፈሰሰበት መስሏል። ነቅዬ አወረድኩት። በቤታችን የቀረው የመጨረሻው ቆጣቢ እሱ ነበር፤ ሌሎቹን ልጆቹ አንድ በአንድ በኤልኢዲ ቀይረዋቸዋል። በጋዜጣ ጠቅልዬ ላወጣው ብል እጄ ላይ ቆየ። ደከመኝ መሰለኝ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ስለ አምፖል ማሰብ ጀመርኩ። በሰባ ዓመቴ የማስበው ነገር አጥቼ አይደለም። ስለ አምፖል ባሰብኩ ቁጥር ሁለት ወንድማማቾች ትዝ ስለሚሉኝ ነው።

ያኔ ቆጣቢ አምፖል በአምቦ የክብር ዕቃ ነበር። ቀድሞ ቤታችን ሁሉ የሚበራው በዚያ በክቡ፣ በቀይ ብርሃኑ አምፖል ነው፤ ሲመሻሽ በሰፈር ያለፈ ሰው የሚያየው መስኮት ሁሉ ብርቱካን ነበር። ቆጣቢው መጣና ከተማውን ነጭ አደረገው። ሰዉ ሙሉ ስሙን አይጠራም፣ "አንድ ቆጣቢ" ነው የሚለው። ከገጠር የሚመጣው ደንበኛ አንዳንዱ "ቆጣሪ ስጠኝ" ይለኛል፤ እኔም ቆጣሪ እንደማልሸጥ እያወቅሁ አምፖል አወጣለታለሁ፣ እንግባባለን። አንዱ በሠላሳ ምናምን ብር ይሸጥ ነበር፣ ዛሬ በዚያ ብር ማኪያቶም አይገኝ። ሱቄ ከዋናው አስፋልት ወደ ገበያው በሚታጠፈው ጥግ ላይ ነበረች፣ በስተቀኝ ልብስ ሰፊ፣ በስተግራ በሜሞሪ ዘፈን የሚጭን ቤት። ቀኑን ሙሉ የኦሮምኛ ዘፈን ይንቆረቆራል። አንዷ ዘፈን የተወደደች እንደሆነ ሳምንቱን ሙሉ እሷን ብቻ ነው የምንሰማው፤ እኔም አምፖል እየፈተሽኩ አንገቴን ስነቀንቅ ዘይነባ "ሽማግሌው" ትለኛለች። ከወንጪ በኩል የሚመጡት ሰዎች ቡሉኳቸውን ደርበው፣ ኮንጎ ጫማቸው ላይ የደጋ ጭቃ ይዘው ይገቡ ነበር። ከስልጤ አገር ስመጣ አንድ የኦሮምኛ ቃል አላውቅም ነበር፤ ያስተማረኝ ደንበኛ ነው፣ ዋጋ እየተከራከረ።

በኛ ሥራ አንድ ልማድ አለ። አምፖል ሳይፈተሽ አይሸጥም። ባንኮኒው ላይ ገመድ የተያያዘለት አምፖል መያዣ አለ፤ ገዢው ፊት ይጠመዘዛል፣ ይበራል፣ ገዢው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ "ይሁን፣ ጠቅልልኝ" ይላል። ይህን ሳላደርግ አንድም አምፖል ከሱቄ አልወጣም። በዚህ እኮራ ነበር። አልምልም ነበርና በዚያም እኮራ ነበር። ሌላው ነጋዴ "ወላሂ"፣ "ማርያምን"፣ "ዋቃዮን" እያለ ሲሸጥ እኔ ዝም ብዬ አብርቼ አሳያለሁ። ይህን የምለው ራሴን ለማመስገን አይደለም፤ ወደፊት የምናገረው ነገር ስለሚያሳፍረኝ ነው።

ፈትሾ የረካ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለው፤ "ስንት ጊዜ ይቆያል?" ይላል። ያ ጥያቄ ምን ያህል እንዳሰለቸኝ ዛሬ ሳስበው ይደክመኛል። ማሸጊያው ላይ ስምንት ሺህ ሰዓት ይላል። አንድ የሂሳብ አስተማሪ ደንበኛ ነበረኝ፣ እስክሪብቶውን አውጥቶ ማሸጊያው ጀርባ ላይ አካፍሎ፣ "በቀን አራት ሰዓት ቢበራ ከአምስት ዓመት በላይ ነው፣ ኦቦ ሸምሱ፣ ጡረታ እስክወጣ ነው እኮ!" ብሎኝ ሄደ። በሰባተኛው ወር ተመለሰ። ሂሳቡ ልክ ነበር፣ አስተማሪው ያልደመረው አምቦን ነው። መብራቱ በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ሲመጣ፣ ሲመጣም አንዳንዴ እንደ ጎርፍ ሲመጣ፣ አምፖሉ በእርጅና ሳይሆን በድንጋጤ ነው የሚሞተው። የኔን ቤት ብነግራችሁ፣ ሳሎን ያለው ሁለት ዓመት ቆየ። ጓዳ ያለው እንፋሎቱ እየገባበት ዓመት አልደፈነም። መጸዳጃ ቤት ያለው ደግሞ የገባ ሁሉ እያበራ፣ የወጣ ሁሉ እያጠፋ ወራት ብቻ ነው የሠራው። ኮሪደሩ ላይ ያለውን ግን ማንም አይነካውም፤ መሽቶ ይበራል፣ ነግቶ ይጠፋል፣ አለቀ። እሱ ነው እስከ ባለፈው ሳምንት የኖረው። ቆጣቢን የሚገድለው መብራቱ ሳይሆን ማብራት ማጥፋቱ መሆኑን ያወቅሁት ከዚያ ነው።

ኦቦ ገመቹ የወንጪ ሰው ናቸው። እንሰትና ድንች አላቸው፣ ሐይቁን ሊያይ ለሚመጣ እንግዳም ፈረስ ያከራያሉ። ገበያ በመጡ ቁጥር ምንም ባይገዙም ሱቄ ደጃፍ ቆመው "አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ሸምሱ? ነጋ?" ብለው ደህንነቴን ሳይጠይቁ አያልፉም ነበር። አንድ የገበያ ቀን ፊታቸው ሁሉ ጥርስ ሆኖ ገቡ። የመብራት ምሰሶው መንደራቸው ደርሷል። ታናሽ ወንድማቸው ደበላ አምቦ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሮ ተመርቋል፤ የመጀመሪያ ሥራውም የታላቅ ወንድሙን ቤት መብራት መዘርጋት ሆነ።

"ኦቦሌሳ ኮ ነው የሠራው፣ ወንድሜ ነው" አሉኝ፣ ሁለት ጊዜ። "ገመዱ አለቀ፣ ማብሪያ ማጥፊያው አለቀ፣ የቀረኝ አምፖል ብቻ ነው። ዋናውን ይስጡኝ።"

ቆጣቢውን ፈትሼ አሳየኋቸው። ፊታቸው ላይ ነጩ ብርሃን ሲያርፍ ሳቁ። ከዚያ ያ ጥያቄ መጣ፤ "ይሄ እስከ መቼ ነው የሚቆየው?"

ሱቁ ሰው ሞልቶት ነበር። አንዱ ገመድ በሜትር ይለካልኝ ይላል፣ አንዱ ባትሪ ይመልሳል፣ ጎረቤት ያለው ዘፈን ራሴን እየበጠበጠኝ ነው። መልስ ሳልሰጥ ኦቦ ገመቹ ማሸጊያውን ገልብጠው ከሥሩ የታተመውን ዓመተ ምሕረት አገኙት። አምፖሉ የተሠራበት ዓመት ነው። የፈረንጅ ነው። ለፈረንጆቹ ያው ያኔ የያዝነው ዓመት ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ላነበበው ግን ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል። አውራ ጣታቸውን ቁጥሩ ላይ አድርገው አሳዩኝ።

"እስከዚህ ዓመት ድረስ ነው?"

ገባኝ። ደክሞኝ ነበር፣ ሰው በዝቶብኝ ነበር፣ ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ገባኝ። "አይ፣ ይሄ የፈረንጅ ነው" ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። ያን ብል ደግሞ "ታዲያ እስከ መቼ ነው?" ይመጣል፣ ስለ ስምንት ሺህ ሰዓት፣ ስለ መብራት መሄድ መምጣት ማስረዳት ይመጣል፣ ምናልባትም አምፖሉን ትተው ርካሹን ክብ ይገዛሉ። ማሸጊያውን ተቀብዬ እየጠቀለልኩ "ተጽፏል እኮ፣ ኦቦ ገመቹ" አልኩ።

"ዱጋ!" አሉ፣ እውነት ነው ማለታቸው ነው። "ስምንት ዓመት! እርስዎ እንደሆኑ ሳይምሉ ነው የሚሸጡት።"

ዘይነባ ከመደርደሪያው ኋላ ሆና ሰምታለች። ሰዉ ቀለል ሲል ጠጋ አለችኝ።

"ለምን አልነገርካቸውም?"

"ምኑን? ምን ዋሸሁ? ዓመቱ ተጽፏል።"

"የማን ዓመት?" አለችኝ።

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ገመድ መለካት ቀጠልኩ። ሚስት ያላችሁ ታውቃላችሁ፣ ባትመለስበትም በፊቷ ነግራኝ ነበር የዋለችው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት እንዴት እንዳለፉ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሱቅ ከፍተን የዋልንበት ሳምንት ነበር፣ ዘግተን የዋልንበት ሳምንትም ነበር። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ስልክ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ወንጪ እንግዳ ጠፋ፣ ፈረሶቹ ሳር ሲግጡ ዋሉ ይባል ነበር። የተቃጠለ ቆጣቢ ይዞ የሚመለስ ሰው መቼም አላጣሁም፤ የሚቀየረውን ቀየርኩ፣ የማይቀየረውን ተጨቃጨቅሁበት። ኦቦ ገመቹ ግን አልመጡም። በመጀመሪያ ገበያ በቆመ ቁጥር በሩን በሩን አይ ነበር። ሲቀሩ ጊዜ፣ አምፖላቸው እንደኔ ኮሪደር ዕድለኛ ሆኖ ይሆናል አልኩ። ከዚያም ረሳሁት። ረሳሁት እላለሁ እንጂ ማሸጊያ ገልብጦ የሚያነብ ደንበኛ ባየሁ ቁጥር "የፈረንጅ ነው፣ የፈረንጅ ነው" እያልኩ ሳልጠየቅ እናገር ነበር። የዘፈኑ ቤት ተዘጋ፣ ዛሬ እዚያ የሞባይል ሽፋን ነው የሚሸጠው። ልብስ ሰፊው አረፈ። ሱቁን ለሙና አስረከብኩና እኔ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቼ ፀሐይ የምሞቅ ሰው ሆንኩ።

አምና ነው። እዚያው ወንበሬ ላይ እንዳለሁ አንድ ሽማግሌ ፊቴ ቆሙ። ቡሉኮው ያው ነው፣ ውስጡ ያለው ሰውዬ ግን ከስቷል። "አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ሸምሱ?" ሲሉ ነው የለየኋቸው። ተነስቼ አቀፍኳቸው። ከቡሉኮው ሥር ማሸጊያውን ከነአምፖሉ አወጡ፤ ቀለሙ ለቋል፣ ጥጉ ግን አልታጠፈም። አስቀምጠውታል።

"ዓመቱ ደረሰ" አሉኝ። "ሳያልፍ ይፈትሹልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።"

እውነትም ያ የታተመው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ገብቶ ነበር። ሙና ከውስጥ ግራ ገብቷት ታየናለች። አምፖሉን ተቀብዬ ባንኮኒው ላይ ባለው መያዣ ጠመዘዝኩ። አልበራም። ነቅዬ እንደገና ጠመዘዝኩ። ምን አደክማችኋለሁ፣ ቱቦው ጫፉ ጠቁሮ እያየሁት ነው፣ ድሮ የሞተ አምፖል ነው።

"መቼ ነው የጠፋው?" አልኩ።

"በሦስተኛው ወር።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አላመጡልኝም?"

"ዓመቱ አልደረሰማ" አሉ። "እርስዎ አይዋሹም። አምፖሉ ደህና ነው፣ የተበላሸው ገመዱ ነው አልኩ።"

ያኔ ነገሩን ሁሉ ነገሩኝ። አምፖሉ በሦስተኛው ወር ሲጠፋ ደበላን ጠሩት። ደበላ ወደ ላይ አይቶ "አምፖሉ ነው፣ ይቀየር" አለ። "ስምንት ዓመት የሚቆይ አምፖል በሦስት ወር አይጠፋም፣ ገመድህን እይ" አሉት። "ነጋዴው ሸውዶሃል" አላቸው። በዚህ ጊዜ ኦቦ ገመቹ ቆሽታቸው አረረ። "የራስህን ጥፋት ለመሸፈን ደህና ሰው ሌባ ታደርጋለህ?" ብለው፣ ለምክር የመጡ ጎረቤቶች ባሉበት፣ የደበላ አማቶች ባሉበት፣ ሥራ አያውቅም፣ ቤቴን ሊያቃጥል ነበር ብለው ከቤት አስወጡት። ከምሰሶው የመጣውንም ገመድ አስቆረጡት። ሶላር ገዝተው ያንን ሲያበሩ ኖሩ። ወንድሙ ገመዱን ያስቆረጠበትን ባለሙያ ማን ቤቴን ሥራልኝ ይለዋል? ከዚያ ወዲያ በወንጪ አንድም ሰው ደበላን አልጠራውም። ሚስቱንና መሣሪያውን ይዞ እጃጂ ወረደ። ስምንት ዓመት ሙሉ ቃል አልተነጋገሩም። እናታቸው ስትሞት እንኳ ለቅሶ ላይ አንዱ በአንዱ በኩል፣ ሌላው በሌላው በኩል ነው የተቀመጡት።

እኔ አንዲት ቃል ሰንፌ ያልተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ለካ በዚያች ቃል አንድ ሰው እንጀራውን አጥቷል፣ አንድ ሰው ወንድሙን አጥቷል። ዘይነባ ምሳዬን ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች።

"ኦቦ ገመቹ፣ ይሄ ዓመት የፈረንጅ ነው" አልኩ። "አምፖሉ የተሠራበት ነው እንጂ የሚቆይበት አይደለም። ያን ቀንም አውቅ ነበር። ሲጠይቁኝ አውቄ ዝም አልኩ።"

ማሸጊያውን አዩት። አውራ ጣታቸውን እዚያው ቁጥር ላይ አሳረፉ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ቢጮሁብኝም ደስ ባለኝ።

"ተጽፏል እኮ አሉኝ" አሉ ቀስ ብለው።

"አዎ።"

"ይህን ለደበላ ይንገሩልኝ" አሉ። "እኔ ብነግረው አያምነኝም። በአፍዎ ይንገሩልኝ።"

ጉልበቴን ላመካኝ አፌን ከፍቼ ነበር። ዘይነባ ምሳውን አስቀምጣ ከሱቁ ውስጥ ኮቴን አውጥታ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችው።

በማግሥቱ ጠዋት ከመናኸሪያው ሚኒባስ ያዝን። ጉደርን አልፈን ዳገቱን ተያያዝነው። መንገድ ዳር ድንችና ከሰል የሚሸጡ ሴቶች፣ ጤፍ የጫኑ አህዮች፣ ድሮ ዕቃ ላመላልስ ስሄድበት ያየሁት ሁሉ እንዳለ ነው፣ የደከምኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ገመቹ ማሸጊያውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ጌዶን ካለፍን በኋላ ወደ መስኮቱ እያዩ ተናገሩ።

"በሁለተኛው ዓመት ላይ ጠርጥሬ ነበር።"

"ምኑን?"

"አምፖሉ ቢሆንስ ብዬ። ከጎረቤት አንድ አምፖል ተውሼ፣ ገመዱን አስቀጥዬ ልሞክር አስቤ ነበር። ፈራሁ።"

"ምን አስፈራዎት?"

"ከበራስ?" አሉኝ።

እኔም ያው ነኝ። እኔም ስምንት ዓመት በሩን በሩን ሳይ፣ ወንጪ ሄጄ "ኦቦ ገመቹ፣ አምፖሉ እንዴት ሆነ?" ማለት የአንድ ቀን መንገድ ነበር። ከጠፋስ ብዬ አልሄድኩም። ሁለት ሽማግሌዎች ተጎራብተን ተቀምጠን፣ ሁለታችንም መልሱን አውቀን ጥያቄውን የፈራን። እጃጂ ደርሰን ወረድን።

የደበላ ቤት ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ ደጁ ላይ ሬዲዮና ምድጃ ይጠግናል። ጠይም፣ ወፈር ያለ፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለበት ሰው ነው፣ ዓይኑ ግን የወንድሙ ነው። መጀመሪያ ያየው እኔን ነው፣ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። ቀጥሎ ወንድሙን አየ። ቁጭ በል አላለም፣ ሂድም አላለም፣ የፈታውን ሬዲዮ ወደ ጎን ገፋ አደረገው። ኦቦ ገመቹ ቆመው ቀሩ።

አንዳንዱን በአማርኛ፣ አንዳንዱን በኦሮምኛ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ዓመቱ፣ ስለ ጣታቸው፣ ስለ ዝምታዬ። "ገመድህ ምንም አልነበረበትም፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩት። አምፖሉንም አሳየሁት። ደበላ አልነካውም። እስክጨርስ ድረስ በትዕግሥት ሰማኝ፤ ሽማግሌ ነኝና አክብሮኝ ነው።

"ኦቦ ሸምሱ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን ሁሉ መንገድ በዚህ ዕድሜዎ" አለኝ። "ግን አውቀዋለሁ። ጠፋ ብሎ የጠራኝ ቀንም አዲስ አምፖል ኪሴ ውስጥ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልቀየርከውም?"

"ወንበሩ ላይ እንድወጣ አልፈቀደልኝም።"

ኦቦ ገመቹ መሬት መሬት ያያሉ። ደበላ እንደኔ የደከመው ሰው ይመስል ነበር፣ ቁጣ አልነበረውም። ቁጣ ቢኖረው ይሻል ነበር።

"እኔ ገመዴን አውቀዋለሁ" አለ። "ትክክል መሆኑን የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም። ስምንት ዓመት የጠበቅኩት ወንድሜን ነው። እሱ ግን ዛሬ እንኳ ወንድሙ ጋ አልመጣም፣ ምስክር ይዞ ነው የመጣው።"

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦቦ ገመቹ ዞረና በኦሮምኛ "ኮጳ ኬ ኮቱ" አላቸው። ብቻህን ና ማለቱ ነው። ሬዲዮውን ወደ ራሱ ሳበና መፍታቱን ቀጠለ።

ወጣን። ነገሩን የማቃና መስሎኝ መጥቼ መሐል ቤት የተጋረጥኩት ራሴ ሆንኩ። አስፋልቱ ዳር ወደ አምቦ የሚመለስ ሚኒባስ ሰው እየጠራ ነበር። ኦቦ ገመቹ ክንዴን ይዘው ደግፈው አስገቡኝ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጡኝ፣ ሾፌሩንም "እኚህን አባት ገበያው ጥግ አውርድልኝ" አሉት። ከዚያ ማሸጊያውን ጭኔ ላይ አኖሩት።

"እርስዎ ጋ ይሁን" አሉኝ።

መኪናው ሞላ፣ በሩ ተዘጋ። በመስኮቱ አየኋቸው፤ ቡሉኳቸውን አስተካክለው በመጣንበት በኩል ወደ ውስጥ እየሄዱ ነው፣ እጃቸው ባዶ ነው። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና፣

"አባባ፣ ጓደኛዎ ቀሩ እኮ!" አለኝ።

"አልቀሩም" አልኩት። "ንዳው።"